መልስ፦ ግሪን ካርድ ይዤ ሰፈራችን ሊሠራ ስለታሰበው ሼልተር (የቤት አልባዎች መጠለያ) ስብሰባ ላይ መናገር እችላለሁ ወይ ላልከው

ትችላለህ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሰፈር ኮሚሽኑ (ኤኤንሲ፣ ሰፈሩን ወክሎ ከተማውን የሚያማክረው) ስብሰባ ላይ ለመናገር ዜግነት የሚጠይቅህ የለም። የሚሰጡህ ደቂቃ አጭር ስለሆነ ግን የምትለውን ጽፈህ ሂድ።

"ሆምለስ ሲመጣ ሌባ ይበዛል" ብለህ እንዳትጀምር፣ ማንም አይሰማህም። የዞኒንግ ቦርዱ (የት ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስነው) የሚያየው ፓርኪንግ፣ ትራፊክ፣ የሕንፃው ቁመት፣ ጩኸት ምናምን ነው። ዋርድ 3 (ዋርድ የከተማው ክፍለ ከተማ በለው) አይዳሆ አቬኑ ላይ ፖሊስ ጣቢያው አጠገብ የቤተሰብ ሼልተር ሊሠራ ሲል ጎረቤቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተረቱ፣ ሕንፃውም ተሠራ፣ 50 ቤተሰብ ይይዛል። ዲሲ ጀነራል የሚባለውን ትልቁን ሼልተር በፈረንጆቹ 2018 ዘግተው በየዋርዱ ትናንሽ ለማድረግ ነበር ነገሩ (እኔ በበኩሌ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፣ እዛ ልጅ ማሳደግ ከባድ ነበር)።

ስለዚህ የሚያዋጣህ እንዴት ይሠራ የሚለው ላይ መግፋት ነው፦ ማታ ጥበቃ አለ ወይ፣ ችግር ሲኖር ማን ጋ ነው የምንደውለው፣ ቆሻሻ መቼ ይነሳል፣ ይሄ ሁሉ በጽሑፍ ይሁንልን በላቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ ግን ቀደም ብለህ ጠይቅ፣ ዕለቱን ሄደህ አታገኝም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ፒቲሽን (የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ፊርማ) የሚያስፈርም ሰው በር እያንኳኳ ይመጣል። እኛ ሰፈር "ለፓርኪንግ ነው" እያሉ ሲያስፈርሙ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሼልተሩ ጭራሽ እንዳይሠራ ይላል፣ ስንቱ አበሻ ሳያነብ ፈርሞ በኋላ ስሜን አውጡልኝ እያለ ሲለምን ነበር።