ቲሜ ስብሰባ ላይ ይስማማል፣ ሥራው ግን አይደርስም

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! በቅርቡ ቲም ሊደር ሆኛለሁ፣ ልጆቹ ከተለያየ አገር ናቸው፣ የምንገናኘውም በኦንላይን ነው። አንዱ በሰው ሁሉ ፊት ይቃወመኛል፣ ሁለቱ ደግሞ ጭጭ ይላሉ፣ "ተስማማን?" ስላቸው እሺ ብለው ቀኑ ሲደርስ ሥራው የለም። ስለየአገሩ ባህል ብዙ አነበብኩ ግን ምንም አልፈየደኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንበብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ንባብ ብቻውን እንደማይበቃ የዘርፉ ሰዎችም ይሉታል። ክሪስቶፈር ኧርሊና ሱን አንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ባህላዊ ብልህነት (ከሌላ ባህል ሰው ጋር ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ ማለት ነው) መጽሐፍ ካወጡ ወዲህ ነገሩ በአራት ተከፍሎ ነው የሚታየው፦ ፍላጎት፣ እውቀት፣ የራስን አስተሳሰብ መታዘብ፣ ጠባይን እንደሁኔታው ማስተካከል። አንቺ እውቀቱ ላይ ነው የቆምሽው። ያነበብሽው "የዚህ አገር ሰው አለቃውን አይቃወምም" አይነት ነገር ደግሞ አብዛኛው ምንጩ ጊርት ሆፍስቴድ የተባለ የባህል ተመራማሪ በየአገሩ ካሉ የአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞች የሰበሰበው መረጃ ነው፣ እሱ ራሱ ግን ውጤቱ የአገር አማካይ እንጂ የአንድን ሰው ጠባይ መለኪያ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ፓስፖርቱን አይተሽ ልጁን አወቅኩት እንዳትዪ።

ለኔ ከአራቱ ትልቁ ሦስተኛው፣ የራስን አስተሳሰብ መታዘቡ ነው። ልጁ ዝም ሲል በልብሽ "ግድ የለውም" ብለሽ ፈርጀሽው ይሆናል፣ እሱ ግን ምናልባት በሰው ቋንቋ ሀሳቡን እስኪያደራጅ ርዕሱ ያልፈዋል፣ ወይ ሰው ፊት አለቃን ማረም ነውር ሆኖበታል፣ ወይ የሰጠሽው ቀን ከመጀመሪያውም የሚበቃ አልነበረም፣ ይሄኛው ደግሞ ከባህል ጋር ምንም አያገናኘውም። የትኛው እንደሆነ ሳታጣሪ አትፍረጂ።

ለማጣራት ደግሞ "ተስማማን?" የሚለውን ተይው፣ እሺ ከማለት ሌላ መውጫ አይሰጥም። ጥያቄዎቹን ከሚቲንጉ አንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ላኪላቸው፣ ሁሉም መልሱን ጽፎ ይምጣ፣ አንቺ ደግሞ ሀሳብሽን መጨረሻ ላይ ተናገሪ፣ አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ብዙ ሰው ያቺኑ ይዞ ነው የሚሄደው። ከዛ ዝም ለሚለው ልጅ ለብቻው ደውለሽ "ይሄ ሥራ ቢዘገይ የቱ ጋ ነው የሚዘገየው? የመጀመሪያውን ክፍል መቼ ልትልክልኝ ትችላለህ?" በይው። እንዲህ ስትጠይቂው ችግሩን መናገር አንቺን መቃወም አይሆንበትም፣ የጠየቅሽውን መመለስ ነው። "ሐሙስ ይደርሳል ግን ዳታውን ከሌላ ክፍል እየጠበቅኩ ነው" ካለሽ መዘግየቱ ከየት እንደመጣ አገኘሽው ማለት ነው።

የሚቃወምሽን ልጅ ደግሞ አታፍኚው! ሀሳብን ፊት ለፊት መተቸት ለሥራው ማሰብ ተብሎ የሚታይበት ቦታ አድጎ ይሆናል፣ እና እንዲህ አይነት ሰው ቲም ውስጥ መኖሩ እውነቴን ነው ሀብት ነው። ለብቻው "ትችትህን እፈልገዋለሁ፣ ግን ሌሎቹ ተናግረው ሲጨርሱ አምጣው" በይው፣ ይገባዋል።

ሁሉንም በባህል ማሳበብም ግን ልክ አይደለም። ቀኑን አብራችሁ ወስናችሁ፣ መንገዱን ሁሉ ከፍተሽለት አሁንም ሥራው ካልመጣ የሥራ አፈጻጸም ጉዳይ ነው፣ ለየትኛውም ሠራተኛ እንደምታደርጊው ለብቻ አስቀምጠሽ በግልጽ ንገሪው።