ዎርድፕረስ ወይስ ሁጎ? የሳጥኑስ ነገር?

ወንድሜ፣ ብሎጌን በዎርድፕረስ ልጀምር ወይስ በሁጎ (ሁለቱም ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው)፣ አማርኛውስ አንዳንድ ስልክ ላይ ለምን ሳጥን ሳጥን ይሆናል ላልከው፦ የምትጽፈው አንተ ብቻ ከሆንክ ሁጎን ያዝ። ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) የለውም፣ ገጹ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚቀመጥ በደካማ ኢንተርኔትም ቶሎ ይከፈታል፣ ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይም በነፃ ታስቀምጠዋለህ። ኮድ የማይነካ ሰው አብሮህ የሚጽፍ ከሆነ ግን ዎርድፕረስ ይሻላል።

ሳጥኑ የፎንት፣ ማለትም የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል ጉዳይ ነው። ፊደላችን ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ አለ፤ ስልኩ ላይ የግዕዝ ፎንት ከሌለ ግን ብሮውዘሩ ምን ያሳይ? ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ከገጹ ጋር አብረህ ጫነው። ክሮም ላይ ብቻ አይተህ አትለፍ፣ ፋየርፎክስንም የአይፎኑን ሳፋሪንም ክፈት። እኔ አቦሉን እየጠጣሁ ኮድ እጽፋለሁ፣ ቶናው ሲቀርብ አሮጌ ስልክ ላይ እፈትሻለሁ። ብዙ ስህተት የማገኘው ያኔ ነው።