ትሪያጅ ላይ ፎርሙ «አረንጓዴ» ብሎ ልብሽ ሳያምን ሲቀር

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ዲዩቲ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ተረጋግቼ ልመልስልሽ ብዬ ነው የቆየሁት። ጥያቄዋን ላላያችሁ፦ ትሪያጅ (ታካሚ እንደገባ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት የሚለይበት ቦታ) ላይ ከተመደበች ሁለት ወሯ ነው፣ የቲውስ ፎርሙን (ትንፋሽ፣ ልብ ምት፣ ግፊት የመሳሰሉት ነጥብ ተሰጥቷቸው የሚደመሩበት፣ ድምሩ ከፍ ሲል የባሰ ማለት ነው) ስትሞላ አንዳንዴ ነጥቡ አረንጓዴ ይወጣል፣ ታካሚውን ስታየው ግን ልቧ አያምንም፣ የቱን ልመን ነው የምትለው። ሲኒየሮቿ ደግሞ ግማሹ ፎርሙን እመኚ፣ ግማሹ ፎርሙ ለሪፖርት ነው ይሏታል።

እኔ ኢመርጀንሲ ነርስ ሆኜ 11 ዓመቴ ነው፣ አብዛኛውን ትሪያጅ ላይ ነው ያሳለፍኩት። ነጥቡ ከፍ ካለ ነጥቡን እመኚ፣ ሰውየው እየሳቀ ቢያወራሽም እመኚው። ነጥቡ ዝቅ ብሎ ልብሽ ካላመነ ግን ልብሽን ስሚና የጻፍሽውን ቁጥር እንደገና ለኪው። ለምን እንደዚ እንደምል አንድ ነገር ላጫውትሽ።

ከዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ ሆስፒታል አንዲት የ68 ዓመት እናት ከልጃቸው ጋር በእግራቸው መጡ። ሳል አለ፣ ድካም አለ፣ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል። ፎርሙን የሞላችው ነርስ (ጎበዝ ልጅ ናት፣ የዛን ቀን ወረፋው በር ድረስ ነበር) ትንፋሽ 20፣ ፐልስ (የልብ ምት) 88፣ ቢፒ (የደም ግፊት) 102/58፣ ሙቀት 36.8፣ አለርት (ንቁ) ብላ ጻፈች። ደምሪው፣ 1 ነው የሚመጣው። ከ0 እስከ 2 አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ደግሞ 4 ሰዓት ሙሉ ሊጠብቅ ይችላል። እሳቸውም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

እኔ ለሌላ ጉዳይ ሳልፍ ልጃቸው ስታወራቸው ሰማሁ፣ ሲመልሱላት ሁለት ሦስት ቃል ይሉና ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ እንደገና ሁለት ቃል። ነጠላቸውን ገለጥ አድርጌ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፣ 32። ልጅቷን «ሁሌም እንደዚ ናቸው?» ስላት «ኧረ ከትናንት ጀምሮ ወሬያቸው ይዘባረቅብናል፣ እኔን በእህቴ ስም ነው የሚጠሩኝ» አለችኝ። ይሄን ማንም አልጠየቃትም ነበር። ትንፋሹ ብቻውን 3 ነጥብ፣ መዘባረቁ 2፣ ድምሩ 5፣ ብርቱካናማ ማለት ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት ያለበት ሰው። ያው እናት፣ ያው ወረቀት፣ ከ1 ወደ 5። ሳቹሬሽናቸው (ደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በመቶኛ) ደግሞ 84 ነበር፣ ቲውስ ላይ ሳቹሬሽን ነጥብ ስለሌለው ይሄም አይታይም።

ፐልሱስ ለምን 88 ሆነ ካልሽ ቦርሳቸው ውስጥ አቴኖሎል ነበር፣ ቤታ ብሎከር ከሚባሉት የልብ ምት ከሚያዘገዩ መድኃኒቶች አንዱ። ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ልቡ መሮጥ ባለበት ሰዓት አይሮጥም። ትኩሳትም የለም፣ አዛውንት ሳንባው ተመቶም ሙቀቱ ላይወጣ ይችላል። ቢፒውም ለዓመታት ግፊት ለኖረበት ሰው 102 ዝቅ ያለ ነው፣ ፎርሙ ግን ከ101 እስከ 199 ላለ ሁሉ ዜሮ ነው የሚሰጠው። እንግዲህ ነጥቡ የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፣ መድኃኒታቸውን፣ የድሮ ቢፒያቸውን፣ ልጃቸው የምታውቀውን። የሳንባ ምች ምን ያህል እንደከበደ የሚለካውንና ላቦራቶሪ የማይጠብቀውን ሲአርቢ-65 የሚባል ነጥብ ብትሠሪላቸው ደግሞ መዘባረቅ 1፣ ትንፋሽ ከ30 ጀምሮ 1፣ ዳያስቶሊክ (የታችኛው ቢፒ) 60 እና ከዛ በታች 1፣ ዕድሜ ከ65 ጀምሮ 1፣ ማለትም ከ4ቱ 4። በአንዱ ወረቀት አረንጓዴ የነበሩት እናት በሌላው ጣሪያው ላይ ናቸው። ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ቶሎ ተጀመረላቸውና በ9ኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚ መጀመሪያ ትንፋሽ ቁጠሪ። የትኛውንም ዋርድ ካርድ ብትገልጪ ትንፋሽ 20፣ 20፣ 18፣ 20 ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን ማንም አልቆጠረውም። ሌላውን ማሽን ይለካዋል፣ እሱን ግን ቆመሽ ማየት አለብሽ፣ የታካሚው መክፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዛ ላይ ነው። ሙሉ ደቂቃ ካልቻልሽ 30 ሰከንድ ቆጥረሽ በ2 አባዢ፣ ፐልስ የምትቆጥሪ መስለሽ እጃቸውን ይዘሽ፣ ምክንያቱም ትንፋሹን እንደምትቆጥሪ ካወቁ ይለውጡታል።

ሁለተኛ፣ «ፎርሙ አረንጓዴ ብሏል» የሚሉሽ ሰዎች ፎርሙን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። ይሄ አሠራር የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አካባቢ ነው፣ እዛም ቢሆን ነጥቡ ብቻውን አይፈርድም። የደረት ሕመም ያለበት ሰው ቲውሱ 0 ቢሆንም ብርቱካናማ ነው፣ ስኳሩ ከ3 በታች የሆነ ቀይ ነው፣ ወዲያው የሚታይ ማለት ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ደግሞ ቀለሙን መቀየር እንደሚችል እዛው ላይ ተቀምጧል፣ ስለዚ ልብሽን መስማት ሕጉን መጣስ አይደለም። ኪውሶፋ የሚባለውን አጭር ነጥብም አስታውሺ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ሁሉም ቦታ ለሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲጎዳ) እሱን ብቻ መሥራት ጀምረን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ግን እሱን ብቻውን ለመለያ አትጠቀሙ አለ፣ ብዙ ሰው ስለሚያመልጠው።

እንደ ቲውስ ያለውን፣ ከእንግሊዝ የመጣውን ኒውስ የሚባል ነጥብ የምትጠቀሙ ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። እሱ ላይ ሳቹሬሽን 92 እና 93 ሁለት ነጥብ አለው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ እዛ ምንም ያልሆነ ሰው ላይ 92 ብታዪ አይገርምም። ይሄ ማለት ግን 85 ስታዪ «ከፍታው ነው» ብለሽ ታልፊያለሽ ማለት አይደለም።

ሌላው ነጥብ አንዴ ሞልተሽ የምትተዪው ነገር አይደለም። ማዋለጃ ክፍል የሠራችሁ አፕጋርን ታውቁታላችሁ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁኔታ የሚለካበት ነጥብ ነው፣ እሱ ላይ ከፍ ማለት ጥሩ ነው፣ ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1952 ስታወጣው በ1ኛው ደቂቃ እንዲሠራ ነበር፣ ኋላ ላይ የ5ኛው ደቂቃ ተጨመረ። ሕፃኑ ከ4 ወደ 8 ሲሄድና ከ8 ወደ 4 ሲሄድ አንድ አይደለም። ጂሲኤስም (የታካሚው ንቃት የሚለካበት ነጥብ፣ ዝቅ ሲል የባሰ ነው) እንደዛው ነው፣ 13 የነበረ ሰው 11 ከሆነ ገና 11 ነው አይባልም፣ ስካን ቢኖርም ባይኖርም ያኔውኑ ሐኪም ጥሪ። አግዳሚው ላይ ያስቀመጥሻቸውን ቢያንስ በየሰዓቱ ዞር ብለሽ እያቸው፣ ልብሽ ያላመነበትን ደግሞ በየ15 ደቂቃው።

ፎርሙ ለሪፖርት ነው ለሚሉሽም ይሄን ንገሪያቸው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሬዚደንት ቀስቅሰሽ «ዶክተር፣ ታካሚዋ ደስ አላለችኝም» ብትዪ «እስኪ ጠብቂያት» ይልሻል። «ቲውሷ 3 ነበር፣ በ40 ደቂቃ 6 ሆኗል፣ ትንፋሽ ራሴ ቆጥሬ 32 ነው» ስትዪው ግን ጫማውን ፍለጋ ይነሳል፣ ስንቴ አይቼዋለሁ። አዲስ ነርስ ሆነሽ ድምፅ የሚሰጥሽ እሱ ቁጥር ነው። ካልመጣም የደወልሽበትን ሰዓትና ያልሽውን ካርዱ ላይ ጽፈሽ ቀጣዩን ሲኒየር ጥሪ፣ ቢቆጡሽም ጥሪ።

ነገ ስትገቢ ከመጀመሪያው ታካሚ ጀምረሽ የሁሉንም ትንፋሽ ራስሽ ቁጠሪና የስንቱ ቀለም እንደተቀየረ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።