ዝምታ ብሪጅ ላይ ይነቅዛል

ልጆቼ፣

ባሕር ላይ ልትሠሩ የምትዘጋጁት ልጆች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ራዳርና ስለ ኤሌክትሮኒክ ካርታ ነው። እሱን ትምህርት ቤት ያስተምሯችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ዘግይቶ ስለገባኝ ነገር ነው፤ አፍ ስለ መክፈት።

ጀማሪ ሳለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። ሌሊት ነው። ወደ ወደብ በሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ እየሄድን ነበር። ብሪጁ፣ ማለትም መርከቡ የሚመራበት ክፍል፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ መብራት ከበራ ውጭው አይታይማ። የወደቡ ፓይለት፣ ማለትም መርከብ ወደ ወደብ ሲገባ መንገድ የሚመራው ሰው፣ «ስታርቦርድ 10» አለ፤ መሪውን ወደ ቀኝ 10 ዲግሪ ማለቱ ነው። መሪ የያዘው ሰውዬ «ስታርቦርድ 10» ብሎ አሳምሮ ደገመ። እጁ ግን ወደ ግራ አዞረ። የመሪው ጠቋሚ መርፌ ወደ ቀዩ፣ ማለትም ወደ ግራው በኩል ስትሄድ ቆሜ አየኋት። አፌ ግን አልከፈት አለ። ሰውዬው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ መሪ ሲይዝ የኖረ ነው። ካፒቴኑም ፓይለቱም እዚያው አሉ። «ያልገባኝ እኔ ነኝ» አልኩ ለራሴ። ካፒቴኑ ድንገት ቀና ብሎ መርፌዋን አየና ጮኸ። መርከብ እንደ መኪና ወዲያው አይመለስም። ለጥቂት ተረፍን።

መርከቡ ከታሰረ በኋላ ጠራኝ።

«መርፌዋን አይተህ ነበር?»

«አዎ፣ ካፒቴን።»

«ታዲያ ምነው?»

መልስ አልነበረኝም። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ብሪጅ ላይ ግን ይነቅዛል። ትእዛዝ ሲሰጥ መሪ የያዘው ሰው ይደግማል፣ ይፈጽማል፣ ፈጽሜያለሁ ይላል። እናንተ ደግሞ ቃሉን ብቻ ሳይሆን መርፌውንም ታያላችሁ። አፍና እጅ ካልገጠሙ የማዕረግ ጉዳይ የለም፤ «ካፒቴን፣ መሪው ወደ ግራ ነው!» በቃ። ይቅርታ የሚጠየቀው በኋላ ነው።

መናገር ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1995 ሮያል ማጀስቲ የተባለ የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ይሄድ ነበር። ከ1,500 በላይ ሰው ጭኗል። ጉዞው በተጀመረ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ተላቀቀ። መሣሪያው አንዲት አጭር ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው መርከቡ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ከፍጥነቱና ከአቅጣጫው እየገመተ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ፊደላት ይህንኑ ይናገራሉ። ያስተዋላቸው የለም። ከ30 ሰዓት በላይ በዚህ ግምት ሄዱ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። በመጨረሻ ናንታኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጡ፤ ከመስመራቸው 17 ማይል ርቀው። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም።

እኔን የሚከነክነኝ ገመዱ አይደለም። ገመድ መላቀቁ አይቀርም። ባሕሩን ይቃኙ የነበሩት ሰዎች እኮ ተናግረዋል! መብራት አየን አሉ። ኋላም ከፊት ለፊት ውሃው ሰማያዊና ነጭ ሆኗል አሉ። ተረኛው ኦፊሰር ሰማ፤ ምንም አላደረገም። ካፒቴኑ ስለ አንድ ተንሳፋፊ ምልክት «አይተኸዋል?» ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ «አዎ» አለ። አላየውም ነበር። ስክሪኑ አልፈነዋል ስላለ ያለፉት መሰለው። «አላየሁትም» የምትለዋ አጭር ቃል መርከቡን ታድን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ፣ በ5ኛው ቁጥር፣ በዓይንም በጆሮም ጠብቁ የሚለው ለጌጥ አይደለም። ጥልቀቱን ለኩ። በራዳር የባሕሩን ዳር አመሳክሩ። በመስኮት ውጭውን እዩ። ሦስቱ አንድ ነገር ካልተናገሩ አንዱ እየዋሸ ነው።

ሌላ መርከብ ሲመጣም እንዲሁ ነው። እየቀረበ ያለ መብራት በኮምፓስ ስትለኩት አቅጣጫው ካልተለወጠ፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ ነጥብ እየሄዳችሁ ነው። ይህን በሆዳችሁ አትያዙት። «በስታርቦርድ በኩል መብራት አለ፣ አቅጣጫው አልተለወጠም» በሉ። መታጠፍ ካለባችሁ በጊዜና በደንብ ታጠፉ። ሁለት ሁለት ዲግሪ እየቆነጠሩ መዞር ማንም አያይላችሁም፤ ያኛው መርከብ ገና ወዴት እንደምትሄዱ ሲያሰላ ትደርሱበታላችሁ።

እንቅልፍ ላይ ብዙ አልልም። ሕጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የሚገኘው፤ እኔም ሳላርፍ እንዳረፍኩ አድርጌ ሞልቼ አውቃለሁ። የሚያፍሩበት ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ነገ ካፒቴን ለምትሆኑት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤል ፋሮ የተባለ የጭነት መርከብ ባሃማስ አካባቢ ወደ አውሎ ነፋስ ገብቶ ሰጠመ። 33 ሰው ነበረበት፤ የተረፈ የለም። ከባሕር ወለል የወጣው የድምፅ መቅረጫ የሚያሰማው ምን መሰላችሁ? ሌሊቱን ተረኛ ኦፊሰሮቹ ካፒቴኑን ከክፍሉ በስልክ ጠርተው ነበር። መስመር ብንቀይርስ ብለው በለስላሳ ቃል ሐሳብ አቀረቡ። መስመሩ እንዳለ ይቀጥል ተባለ። ቀጠሉ። ለእኔ ከባዱ ይኼ ነው፤ ሰዎቹ አውቀው ነበር።

ስለዚህ ሰው ሲጠራችሁ የምታሳዩት ፊት ሥራ ነው። «ለዚህ ነው ያስነሳኸኝ?» ያለ ካፒቴን ሁለተኛ አይጠራም።

ካፒቴን ሆኜ አንድ ወጣት ኦፊሰር ነበረኝ። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወለ። «ካፒቴን፣ ከፊታችን መብራት አለ፣ አቅጣጫው አይለወጥም፣ ራዳሩ ላይ ግን የለም።» ወጣሁ። ከአድማሱ ገና ብቅ ያለች ቬነስ ነበረች። መሪ የያዘው ልጅ ሊስቅ ሲል ዓይኔን አሳየሁት። «ጥሩ አድርገሃል» አልኩና ወረድኩ። ሁለት ሌሊት ቆይቶ ደግሞ ደወለ። አሁንም ተሳስቶ ነበር። ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ፣ አብረን አየን፣ ተመልሼ ተኛሁ።