ፎርድ ዳገት የሚወጣው በጀርባው ነበር?

ባለፈው እትም ስላገለገሉ ፒካፖች ስጽፍ ፎርድን በአንድ መስመር ነካ አድርጌ አለፍኩ። አቦ ምን ነካኝ! ከድሬም ከሐረርም የመጣው ደብዳቤ ሌላውን ጉዳይ ሁሉ አስጣለኝ። ቶዮታ ያለው ሰው አይጽፍልኝም፤ ነድቶ ነድቶ ቤቱ ይገባል። ፎርድ ያለው ግን ወይ ሊያመሰግን ወይ ሊራገም የግድ ይጽፋል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የፎርድ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ አያታችን ነፍሳቸውን ይማርና የድሮ ሹፌር ነበሩ። «የጥንቱ ፎርድ የደንገጎን ዳገት የሚወጣው በቂጡ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር። ወንድሜ እስከ ዛሬ ቀልድ ነው ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል?
ከከዚራ

መልስ፦ ለወንድምሽ ንገሪው፤ አያታችሁ አልቀለዱም።

የሚያወሩት ስለ ሞዴል ቲ ነው። ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 የሠራት መኪና ናት። ይቺ መኪና የነዳጅ ፖምፓ የላትም። ሳልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ታንከሩ፣ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው ካርቡራተር የሚደርሰው፣ ልክ ጣራ ላይ ካለ ሮቶ ውሃ ወደ ቧንቧ እንደሚወርደው። ሜዳ ላይ ችግር የለም። ዳገት ላይ ግን አፍንጫዋ ሽቅብ ሲያይ ካርቡራተሩም አብሮ ከፍ ይላል፤ ያኔ ሳልባትዮው ካልሞላ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል፣ ሞተሩም ትንፍሽ ሳይል ይጠፋል። ሹፌሮቹ ምን አደረጉ? መኪናዋን አዞሩና በኋላ ማርሽ ወጡ። ሳልባትዮው ከላይ፣ ሞተሩ ከታች ሆነ። አለቀ።

ሌላም ምክንያት ነበር። ወደ ፊት የምትሄድባቸው ማርሾች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኋላው ማርሽ ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ይጎትታል። ሞተሩ በጠቅላላ 20 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ የሁለት ባጃጅ ያህል ቢሆን ነው። ከድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ሐረር ወደ 1,900 የሚጠጋ ከፍታ ላይ ለመድረስ፣ ያውም መሃል ላይ ደንገጎን ተሸክሞ፣ የሚጎትተውን ማርሽ መምረጥ ግድ ነው። አነዳዷም ሌላ ዓለም ነው። ፔዳሎቹ ሦስት ናቸው፤ የግራው ማርሽ መቀየሪያ፣ የመሃሉ የኋላ ማርሽ፣ የቀኙ ፍሬን። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ ነው፣ መሪው ሥር ባለች ዘንግ። የዛሬ ሹፌር ቢቀመጥባት ከመጋላ አያወጣትም።

ደካማ መኪና ነበረች እንዳትሉ ደግሞ። በ1911 የአንድ የኤድንብራ ፎርድ ሻጭ ልጅ በሞዴል ቲ የብሪታንያን ትልቁን ተራራ፣ ቤን ኔቪስን፣ 1,345 ሜትር ጫፉ ድረስ ወጥቷል። የሳልባትዮው ነገር የተስተካከለው በ1926 ሞዴል ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ ከወንበር ሥር አንስተው ከፊት መስታወቱ በታች፣ ከፍ አድርገው ከኮፈኑ ጀርባ ሰቀሉት። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ በጀርባ ከተወጣ በኋላ!

ጥያቄ፦ በርጫ ላይ ተወራርደን አንተ ፍረደን ተባባልን። እኔ «መኪናን የፈጠረው ፎርድ ነው» አልኩ። ጓደኞቼ አይደለም አሉ። ውርርዱ የአንድ ሳምንት የአወዳይ ጫት ነው።
ከሳቢያን

መልስ፦ ጫቱን ግዛ ወንድሜ። ቤንዚን ሞተር ያለባትን መኪና በ1886 በስሙ ያስመዘገበው ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ ነው። ሄንሪ ፎርድ የመጀመሪያዋን መኪናውን ዲትሮይት ውስጥ የሠራው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ በ1896 ነው፤ አራት የብስክሌት ጎማ ነበራት። የመጀመሪያ ድርጅቱ በ1901 ተዘጋ። ከሁለተኛው ከባለ አክሲዮኖቹ ጋር ተጣልቶ ወጣ፤ ያ ትቶት የሄደው ድርጅት ነው በኋላ ካዲላክ የሆነው። ፎርድ ሞተር ካምፓኒ ሦስተኛው ሙከራ ነው። በ28,000 ዶላር ተጀመረ። ቀኑ ጁን 16 ቀን 1903፣ በኛ ሰኔ 9 ቀን 1895 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በል። ባቡሩ ደርሶ ድሬ የተቆረቆረችው መቼ ነው? በዚያው በ1895 ነው። ፎርድና ድሬ የዓመት እኩያ ናቸው! በዚህ ብትወራረድ ኖሮ የሳምንቱን ጫት አንተ ትበላ ነበር።

ፎርድ የፈጠረው መኪናን ሳይሆን መኪና የሚሠራበትን መንገድ ነው፤ እሱም ብቻውን አይደለም፣ ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች ነበሩት። ሐሳቡን ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ የቺካጎ ቄራ ነው ይባላል። እዚያ የታረደው ከብት ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቀውና የድርሻውን ቆርጦ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። ፎርዶች ነገሩን ገለበጡት። ከብቱ ከመበለት ይልቅ መኪናዋ ትገጣጠም አሉ። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ በሚባለው ፋብሪካ ሻንሲውን፣ የመኪናዋን የታች አጽም፣ በሚጎተት መስመር ላይ አስቀመጡት፣ እና ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ ገጠማ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። በ850 ዶላር የጀመረችው ሞዴል ቲ በ1920ዎቹ ከ300 ዶላር በታች ተሸጠች። ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠራች።

ሠራተኛው ግን ሥራውን አልወደደውም። ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ ማንን ያስደስታል? እየገባ ይወጣል። ፎርድ በ1914 የቀን ደሞዝ 5 ዶላር አደረገ፤ ከነበረው እጥፍ በላይ ነው። ሰዉ «ደጉ ሄንሪ» አለ። ደግነቱ ግን ከነተቆጣጣሪው ነበር፤ ሠራተኛው ይጠጣ እንደሆነ፣ ይቆጥብ እንደሆነ፣ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን የሚያዩ ሰዎች ቤት ድረስ ይልክ ነበር። አስቡት እስቲ፣ አለቃችሁ ጓዳችሁን ሲፈትሽ።

ጥያቄ፦ ፎርድ «ከጥቁር ሌላ ቀለም የለም» ብሏል የሚባለው እውነት ነው?
ከሐረር

መልስ፦ ግማሽ እውነት። ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ የሆነችው ከ1914 እስከ 1925 ነው። ከዚያ በፊት ቀይም አረንጓዴም ነበራት። ግትርነቱ ግን ሙሉ እውነት ነው። ሰዉ ቀለምና ምቾት ሲፈልግ ሄንሪ በአንድ ሞዴል ሙጭጭ አለ፤ ሸቭሮሌት በጎኑ አለፈው፣ በ1927 ፋብሪካውን ለወራት ዘግቶ አዲስ መኪና ማዘጋጀት ግድ ሆነበት።

ጥያቄ፦ የ2013 ምርት ፎርድ ሬንጀር ፒካፕ አለኝ፣ 2.2 ናፍጣ። ዘይት አስቀይሬ ስወጣ የዘይት መብራት በራ፤ ከዚያ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። መካኒኩ «ዘይቱ ፎርጅድ ነው» ይላል። ዘይት ሻጩ «መካኒኩ ነው» ይላል። እኔ ማንን ልመን?
ከደቻቱ ማዶ

መልስ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የድሮው ዘይት ሲፈስ መካኒኩ ምሳ ሄዶ ነበር?

ጠንቋይ ሆኜ አይደለም፤ በኔ ደርሶ ነው። የወንድሜን ሬንጀር ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ሰውየው የዘይቱን ብሎን ፈታ፣ ባልዲ ከሥር አስቀመጠና «በደንብ ጥንፍፍ ይበል» ብሎ ሄደ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። በሰባት ተኩል ድሬ ውስጥ ሰው የት እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግርም። ሲመለስ አስር ሰዓት ሆኗል፣ ምርቅን ብሎ፣ ደስ ብሎት። ዘይቱን ሞላ፣ አስነሳ፣ መብራቱ አልጠፋም። «ይጠፋል፣ ነዳጅ ስጠው» አለኝ። እኔም ቂሉ ሰጠሁት።

የሬንጀሩ 2.2 እና 3.2 ናፍጣ ሞተሮች የዘይት ፖምፓ አንድ ጠባይ አለው። ዘይቱ ተከፍቶ ረጅም ጊዜ ከቆየ ፖምፓው ውስጥ የነበረውም ይወርድና ይደርቃል። ከደረቀ ደግሞ ሲነሳ አየር ነው የሚስበው። ካርተር ውስጥ፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ፣ ዘይት ሞልቶ እያለ ሞተሩ ግን ደረቁን ይዞራል፤ ብሮንዚናውም (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) ቱርቦውም ይበላል። ለዚህ ነው ማፍሰሱ ከ10 ደቂቃ አይለፍ የሚባለው። ሌላው መኪና ላይ «ጥንፍፍ ይበል» ማለት ጥንቃቄ ነው። እዚህ ግን ገዳይ ነው። መካኒኩ ላይ ብቻ አልፈርድም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ መኪና እንዲህ ሲሠራ ኖሯል፣ የነገረው ሰው የለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ፊልትሮውና አዲሱ ዘይት እጅህ ላይ ሳይኖር ብሎኑ አይፈታ። «ፊልትሮ ከታይዋን ገበያ ላምጣ» ብሎ መሄድ የለም። እንደፈሰሰ ይዘጋ፣ ወዲያው ይሞላ። ሲነሳ ነዳጅ አትርገጥ። መብራቱ በጥቂት ሴኮንድ ካልጠፋ አጥፋው፤ እንደገና አታስነሳ፣ ፖምፓው በዘይት እንዲሞላ ይደረግ። ያንተ አሁን እያንኳኳ ስለሆነ አትንዳው። በጎታች አስወስድና ካርተሩ ወርዶ ብሮንዚናው ይታይ። አምናለሁ ወጪ ነው። እያንኳኳ ሐረር ደርሰህ ስትመለስ ግን ወጪው ሙሉ ሞተር ይሆናል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርልህ። ከ2011 በኋላ የመጣው ሬንጀርና የማዝዳው ቢቲ-50 በሞተርም በሻንሲም ወንድማማች ናቸው፤ ማዝዳው በ2020 ከኢሱዙ ጋር እስኪሄድ ድረስ። መለዋወጫ ስታጣ «የፎርድ አለ?» ብቻ አትበል፤ የማዝዳውንም ጠይቅ። አንዳንዴ ዋጋው ይለያያል፣ ዕቃው ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለሆነ ሬንጀራችንን የምሸጠው እኔ ነኝ። ደላላው «ፎርድ አሜሪካ ውስጥ ከስሮ ተዘግቷል፣ ዕቃ አይመጣም» ብሎ ዋጋውን ጣለብኝ። እውነት ነው?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ደላላሽ ወይ ተሳስቷል ወይ ጎበዝ ነው። በ2009 የከሰሩት ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር ናቸው። ፎርድ አልከሰረም፤ ግን ለጥቂት ነው የተረፈው። በ2006 ፋብሪካዎቹን ብቻ ሳይሆን ያንን ሰማያዊ ሞላላ አርማውን ጭምር አስይዞ ወደ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ስሙን መያዣ ያደረገ ሰው አስቢ! ሁለት ዓመት ሳይቆይ የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ሌሎቹ ገንዘብ አጡ፤ ፎርድ ቀድሞ ስለተበደረ በእጁ ነበረው። ጃጓርንና ላንድ ሮቨርን ለሕንዱ ታታ፣ ቮልቮን ለቻይናው ጂሊ ሸጠ። አርማውን ከመያዣ ያስለቀቀው በ2012 ነው።

ደላላሽ ምናልባት የሰማው የ2018ን ወሬ ይሆናል። ያኔ ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ከመስታንግ በቀር የቤት አውቶሞቢሎችን መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ፒካፕን ግን ማን ይነካል፣ የሚያበላው እሱ ነው! ሬንጀሩ ደግሞ ጭራሽ የዲትሮይት ልጅ አይደለም፤ ያንቺን ዓይነቱን የነደፉት አውስትራሊያ ውስጥ ነው፣ ታይላንድና ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ይመረታል። ዕቃው ከቶዮታ ይልቅ መፈለግ ይጠይቃል፣ ይህን አልክድም፤ ገዢም በዚህ ትንሽ ቢከራከርሽ እውነት አለው። «ፋብሪካው ተዘግቷል» ካለሽ ግን ሌላ ደላላ ፈልጊ። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ካለሽ አትጣይው፤ ከላይ ያለውን ደብዳቤ ያነበበ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 አለኝ፣ የአባቴ ናት። ሞተሯ ደክሟል። አንድ ልጅ የፎርድ ሞተር ልግጠምልህ ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?
ከጁገል

መልስ፦ ጋሼ፣ ሐረር ላይ ፔጆ ውስጥ የማይገባ ሞተር አለ ብዬ አልከራከርም። ግን የ404 ሞተር ወደ ጎን 45 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የተቀመጠው፤ ለሌላ ሞተር መያዣው ሁሉ አዲስ መቆረጥና መበየድ አለበት። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አይጋጠምም። ዲፈረንሻሉም የራሱ ዓይነት ነው፣ የማይመጥነው ጉልበት ቢመጣበት ይጮኻል። ከዚያ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አለ፤ ሳያስመዘግቡ ከቀየሩት ቦሎ ሲደርስ ጣጣው ይጀምራል። ልጁ እጁ ጥሩ ከሆነ ያንኑ የአባትዎን ሞተር አውርዶ ሪንግና ብሮንዚና ይቀይርልዎት። ፎርዱን ለሬንጀር ባለቤቶች ይተውላቸው፤ ለነሱም አልበቃም።