ከምክር ቤቱ ወንበር በፊት

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ አዳማ ውስጥ የነጋዴ ሂሳብ ስመረምር ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ወደ ካናዳ ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እዚያ ሠርቼ ሀብት ባፈራ፣ ከዚያ ደግሞ ለምርጫ ብወዳደርስ?» አለኝ። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። መልሱን ግን ለእሱ ብቻ ነግሬ ማለፍ አልፈለግሁም።

መንገዱን ቀድሟችሁ የሄደ ሰው አለ። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ደንስሚር እ.ኤ.አ. በ1851 ቤተሰቡን ይዞ ዛሬ የካናዳ ክፍል የሆነው ቫንኩቨር ደሴት ሲደርስ ለሃድሰንስ ቤይ ኩባንያ በኮንትራት የተቀጠረ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ሀብት በሩን ያንኳኳው በ1869 ነው፤ ናናይሞ አጠገብ ዌሊንግተን የተባለውን የከሰል ክምችት ሲያገኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ! ይህን ትዕግስቱን አከብርለታለሁ፤ እናንተም አክብሩለት።

በ1882 ናናይሞን ወክሎ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ገባ። ከኤስኳይሞልት ናናይሞ የሚዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ሲዋዋል የባቡር ኩባንያው 750,000 ዶላርና 800,000 ሄክታር ያህል መሬት አገኘ፤ በድሮው የመሬት መለኪያችን 20,000 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ክፍለ ግዛቱ መሬቱን የለቀቀበት ሕግ የጸደቀው ደግሞ እሱ ራሱ አባል በሆነበት ምክር ቤት ነው። እኛ ኦዲተሮች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ፊርማችንን እንይዛለን። ሐዲዱ አልጠቀመም ማለቴ አይደለም፤ አዳማ ያደገ ሰው ባቡር ከተማን እንዴት እንደሚያቀና ያውቃል።

ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ1877 የደንስሚር ቆፋሪዎች በደመወዝ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ ከእሱ ኩባንያ ቤቶች እንዲያስወጣቸው ወታደር ተላከ። ቻይናውያን ሠራተኞቹን ደግሞ ከነጮቹ እጅግ ባነሰ ክፍያ ያሠራቸው ነበር። እሱ ራሱ እኮ ቆፋሪ ሆኖ የመጣ ስደተኛ ነው! ቪክቶሪያ ከተማ ላይ ያስጀመረው ክሬግዳሮክ የተባለ የመኖሪያ ግንብ ሳያልቅለት በ1889 ሞተ።

ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ገና ወጣት ሳለሁ የአንድ እህል ነጋዴ ሂሳብ ሰኔ 30 ላይ ስዘጋ፣ የቀን ሠራተኞቹ የጣት አሻራ ያረፈበት የደመወዝ መክፈያ ቀረበልኝ። እጃቸው የገባው ብር ከተጻፈው ያነሰ መሆኑን ከራሳቸው ሰምቻለሁ። ሰነዱ የተሟላ ነው ብዬ ፈረምሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰውየው ቆይቶ ለምርጫ ቀረበ። ቀበሌ አዳራሽ ሕዝብ ሰብስቦ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ቃል ሲገባ እኔም ከፊት ተቀምጫለሁ። ከኋላ አንዲት እህል ለቃሚ ተነሡ። «ጋሼ፣ የእኛ ቀሪ ገንዘብ የት ነው የተጻፈው?» አሉት። አዳራሹ ጸጥ አለ። የትም እንዳልተጻፈ ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ነበርሁ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።