ከደሴ ወደ ቆቦ ለሚወርዱት ውሻና ድመት፦ ስለ ሙቀቱ

እህታችን የጠየቅሽው ይህ ነው፦ ግንቦት ላይ ከደሴ ወደ ቆቦ ትዛወራላችሁ፤ ጠጉሩ የበዛ፣ 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጀርመን ዝርያ ቅልቅል ውሻና አንዲት ነጭ ድመት አላችሁ፤ አዲሱ ግቢ ውስጥ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር የቆርቆሮ የውሻ ቤት ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ጠጉሩን ልላጨው ወይ፣ በረዶ ውሃ ልስጠው ወይ፣ ማለክለኩ በሽታ ነው ወይ ብለሻል። አብሽሪ፣ ውሻ ቆቦም ላይ ተመችቶት ይኖራል። ነገር ግን ከመላጨቱና ከበረዶው በፊት የዚያ የቆርቆሮ ቤት ነገር ይታሰብበት። ከጻፍሽው ሁሉ የሚያሰጋው እሱ ነው።

ውሻ እንደኛ ገላውን አያልበውም። ጥቂት ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ሥር ብቻ ነው፣ ያም ለማቀዝቀዝ አይበቃውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ከምላሱ፣ ከአፉና ከአፍንጫው ውስጥ ውሃ ሲተን ደሙ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ቢያለከልክ፣ ስትጠሪው የሚነሳና ውሃ የሚጠጣ ከሆነ፣ በሽታ አይደለም። አየሩ የታፈነና እርጥብ ሲሆን ግን ትነቱ ይደክማል፤ ቢያለከልክም አይበርድለትም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቆቦ አየር ደረቅ ስለሆነ ማለክለኩ በደንብ ይሠራል። ሐምሌ ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ እንኳ፣ ወበቁ ሊያስቸግረው ይችላል።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ መግቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ውስጡ ከውጭው አየር በጣም ይበልጣል። ውሻው ደግሞ የራሱን ትንፋሽ እርጥበት መልሶ ይተነፍሳል። «ጥላ አለው» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። የተሠራውን ማፍረስ ካልፈለጋችሁ ሦስት ማስተካከያ አለ። ከመግቢያው ትይዩ ያለውን ግድግዳ በቁመት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ክፈቱት፣ አየር ያሳልፍ። ከቆርቆሮው በላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትታችሁ ሁለተኛ ጣሪያ በማሽላ አገዳ ወይም በሳር ሥሩ፤ ክፍተቱ ግራና ቀኙ ክፍት ይሁን፣ ከተደፈነ የተሠራበት ጥቅም ይጠፋል። ወለሉን ከሲሚንቶው ላይ በጣውላ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሡት፤ ፀሐይ የዋለበት ሲሚንቶ ሙቀቱን እስከ ማታ አይለቅም።

እኔ ግን ብትጠይቂኝ ቤቱን ለሌሊትና ለዝናብ ትቼ ለቀን ዳስ አቆምለታለሁ። አራት ባላ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 3 በ3፣ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የተነባበረ አገዳ። ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ፤ ከምዕራብ በኩል ብቻ የከሰዓቷን ፀሐይ የሚከልል የአገዳ ወይም የጆንያ መጋረጃ ይንጠልጠል። ከሥሩ ያለውን መሬት 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አሸዋ ሙሉበትና እኩለ ቀን ላይ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ርጩበት። ውሻ በሙቀት መሬት የሚጭረው ቀዝቀዝ ያለውን አፈር ፍለጋ ነው፤ አሸዋው ካለለት የአትክልት መደባችሁንም ይተወዋል። ቆላ ላይ የባላ ጠላት ምስጥ ነው። እግሩን በተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ውሻ ግን ይልሰዋል፣ ዘይቱም መርዝ ነው። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ላይ አዙሮ ማጥቆር ይሻላል። አገዳ ግንቦት ላይ ለከብት መኖ ስለሚፈለግ ሊወደድባችሁ ይችላል፤ ለጊዜው ሁለት ድርብ የማዳበሪያ ከረጢት ወጥራችሁ ማለፍ፣ አጨዳ ሲደርስ በአገዳ መቀየር ነው። የፕላስቲክ ሸራ ግን ከውሻው ራስ ተጠግቶ አይወጠር፤ ከሥሩ እንደ ምድጃ ይግላል።

ዳሱ የት ይቁም የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በኛ አገር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በበጋ ሙሉ ቀን ጥላ የነበረው የሰሜን ግድግዳ ግንቦት ላይ ፀሐይ ይመታዋል፤ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። የሚዞረውም ለስሙ ነው፤ ቀትር ላይ የ3 ሜትር ግድግዳ የሚጥለው ጥላ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ 25 ኪሎ ውሻ አያስተኛም። ስለዚህ በግድግዳ ጥላ አትተማመኑ፣ ከራሱ በላይ የሆነ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ዋርካ ወይም ማንጎ ካለ ግን ከማንኛውም ዳስ ይሻላል፤ ቅጠሉ ራሱ ውሃ ስለሚያተን ሥሩ ያለው አየር ይቀዘቅዛል።

የሚታሰር ከሆነ ሰንሰለቱ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። የታሰረ ውሻ ጥላም ውሃም አጠገቡ እያለ ሰንሰለቱ በእንጨት ተጠምጥሞ አጥሮበት በሙቀት ሊሞት ይችላል። ከእንጨት ጋር ከማሰር ይልቅ በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱን በቀለበት አንጠልጥሉት፤ የሽቦው አንዱ ጫፍ ዳሱ ሥር ይድረስ። ሽቦው ከምሰሶዎቹ አንድ ሜትር ሲቀረው ቋጠሮ ይደረግበት፣ ቀለበቱ እዚያ ይቁም፣ ያኔ በቀላሉ አይጠመጠምም።

የውሃው መጠን፦ ውሻ በደህና አየር በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር በቀን ይጠጣል። ለናንተው ውሻ ይህ አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። ቆቦ ላይ እጥፉን፣ ሦስት ሊትር ቁጠሩለት። በሁለት ዕቃ፣ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱን ቢደፋ ሌላው ይቆየዋል። የብረት ሳፋ ፀሐይ ላይ ውሃውን ያፈላዋል። ያልተለበጠ የሸክላ ዕቃ፣ ለምሳሌ አፉ የተሰበረ ገንቦ ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ውሃው በሸክላው እየሰረገ ስለሚተን ቀዝቃዛ ይሆናል፤ አይገለበጥምም። አረንጓዴ እንዳያወጣ በሁለት በሦስት ቀን በገለባ ይፈተግ። ጨውና ስኳር መጨመር አያስፈልግም፤ ውሻ በማለክለክ የሚያጣው በአብዛኛው ውሃ እንጂ እንደ ሰው በላብ የሚወጣ ጨው አይደለም። ምግቡ ንጋት ላይና ከመሸ በኋላ ይሰጠው። መፈጨት ራሱ ገላን ያሞቃል፤ እኩለ ቀን ላይ የተቀመጠ ሥጋ ደግሞ ለዝንብ ነው።

ጠጉሩን አትላጪው። የጀርመን ዝርያ ሁለት ድርብ ጠጉር አለው፤ የላይኛው ሸካራ ፀሐይ ይከላከላል፣ የውስጡ ለስላሳ ነው። ሲላጭ ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ጠጉሩም አንዳንዴ ተዘባርቆ ይበቅላል። የሚያሞቀው የረገፈው የውስጥ ጠጉር ሳይወጣ ሲከማች ነው። እሱን ከመዛወራችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ በየቀኑ በሽቦ ብሩሽ አበጥሩት፣ ልዩነቱን ታያላችሁ። ውሃ ስታፈሱበትም ጀርባው ላይ ብቻ ከሆነ ከላይኛው ጠጉር አያልፍም፤ ሆዱን፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና መዳፉን አርጥቡ፣ ከዚያ ነፋስ ያለበት ቦታ ይቀመጥ። አርጥቦ ወደተዘጋ ቤት ማስገባት ወበቅ መጨመር ነው። በኦሞ በየሁለት ቀኑ ማጠብ ደግሞ ቆዳውን አድርቆ ያቆስለዋል። ማራገቢያም ቢሆን የሚጠቅመው ገላው እርጥብ ሲሆን ነው፤ ደረቅ ውሻ ላይ ብዙ አይሠራም። በረዶን በተመለከተ፣ «በረዶ ውሃ ይገድላል» የሚባለው እውነት አይደለም። ጥቂት ይላስ። ሮጦ እንደቆመ ግን ሙሉ ሳፋ በአንድ ጊዜ እንዲገለብጥ አትተዉት፣ ያስታውከዋል፤ በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይሰጠው።

ጉዞው። ከደሴ ቆቦ ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ አንድ ሺህ ሜትር መውረድ ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ። ውጫሌን አልፋችሁ ወደ ውርጌሳና መርሳ ስትወርዱ አየሩ ይለወጣልና ፀሐይ ሳትበረታ ወልድያን ማለፍ ጥሩ ነው። ምግብ ከመነሣቱ ስድስት ሰዓት በፊት ይቁም፣ ውሃ ግን መርሳና ወልድያ ላይ ይሰጠው። የጭነት መኪና ከሆነ የብረቱ ወለል ይግላልና ከሥሩ ወፍራም ጆንያ ይነጠፍ፣ በዕቃ መሐል አይታፈን። አፉ በገመድ አይታሰር፤ መከለል ግድ ከሆነ አፉን ከፍቶ ምላሱን ማውጣት የሚችልበት፣ ቅርጫት የመሰለ ሰፊ መከለያ ይሁን። ቁርስ ስትበሉ በመኪናው ውስጥ ዘግታችሁ አትተዉት። ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 40 ይደርሳል፤ መስኮት ጥቂት ዝቅ ማድረግ እምብዛም አይቀይረውም።

ቆቦ ከደረሰ በኋላ ገላው አገሩን ለመልመድ ከ10 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ለመልመድም እስከ ሁለት ወር። እስከዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት አይሩጥ፣ ከልጆች ጋር ኳስ አይጫወት። ውሻ ለባለቤቱ ሲል አቅሙ ካለቀም በኋላ ይሮጣል፤ ማስቆም ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። አስፋልት ላይ ከማውጣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ መሬቱ ላይ ሰባት ሰከንድ አቆዩ፤ ካቃጠላችሁ መዳፉን ይልጠዋል።

ድመቷ ብልህ ናት፣ ቀዝቃዛውን ጥግ ራሷ ታገኘዋለች። የሚያስፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጋዘን ወይም የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ገብታ ሳታዩ መዝጋት። ሁለተኛው በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ማጓጓዝ፤ ትታፈናለች። ካርቶን በየጎኑ ተበስቶ፣ ወይም መረብ የተሰፋበት ቅርጫት ይበቃታል። ውሃዋ ከምግቧ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ አብዛኞቹ ድመቶች እንደዚያ ይጠጣሉ። ነጭ ስለሆነች የጆሮዋ ጫፍና አፍንጫዋ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል፤ ሲደጋገም ወደ ካንሰር ይሄዳልና የማይድን ቁስል ካያችሁ ሐኪም ይየው። ድመት ተቀምጣ አፏን ከፍታ ካለከለከች እንደ ውሻ አትዩት፣ ድንገተኛ ሕመም ነው። ቆላ ላይ መዥገር ይበዛልና ሌላም ላክል፤ ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት ድመት ላይ አታድርጉ፣ ከነዚህ አንዳንዶቹ ድመት ይገድላሉ።

አሁን አደጋው ሲመጣ። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ41 ካለፈ የውስጥ አካሉ መጎዳት ይጀምራል። ከመድኃኒት ቤት ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ለሱ ብቻ አስቀምጡ፤ ጫፉ ቫዝሊን ተቀብቶ በፊንጢጣው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይገባል። ቴርሞሜትር ባይኖርም ምልክቱ ይታያል፦ ማለክለኩ ጥላ ውስጥም አይቆምም፣ ለሃጩ ይወፍራል፣ ድዱ ደም ይመስልና ኋላ ይገረጣል፣ ያስታውከዋል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። እዚህ ላይ መኪና ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መጫን ነው። ወደ ጥላ ጎትታችሁ የጀሪካን ውሃ በሆዱ፣ በብብቱ፣ በብሽሽቱና በአንገቱ ላይ ያለማቋረጥ አፍስሱ፤ ሌላ ሰው በሰፌድ ያራግብ። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ ውሃው ትኩስ ነው፣ በእጅ ይሞከር። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን ያፍናል። ራሱን ካልሳተ ብቻ ውሃ ይቅረብለት፤ ራሱን የሳተ እንስሳ አፍ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ወደ ሳንባው መላክ ነው። በየሦስት ደቂቃው ለኩ፣ 39.5 ሲደርስ አቁሙ፣ ካለፈ ወደ ብርድ ይወድቃል። ፓራሲታሞል አይሰጠው፤ ይህ ትኩሳት ስላልሆነ አያወርደውም፣ ድመትንማ አንድ ፍሬው ይገድላታል።

አንድ የማይነሣ ግን የግድ የሆነ ነገር፦ ለሃጩን እያዝረከረከ የሚንገዳገድ ውሻ ያየ ጎረቤት «አበደ» ብሎ ድንጋይ ሊያነሣ ይችላል። በሙቀት የተመታ ውሻ ከፀሐይ ወይም ከሩጫ በኋላ ድንገት ይወድቃል፣ ገላው ይፋጃል። የእብድ ውሻ በሽታ በቀናት ውስጥ ጠባዩን ይለውጣል፣ ድምፁን ያጎረንነዋል፣ መዋጥ ይከለክለዋል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለምና ያልተከተበ ከሆነ እጃችሁን ወደ አፉ አታቅርቡ፣ ውሃውን ከኋላው በጆግ ከሩቅ አፍስሱ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ክትባቱ ደሴ እያላችሁ፣ ከጉዞው በፊት ይሰጠው።

ከቀዘቀዘ በኋላ ተነሥቶ ጅራቱን ቢቆላም በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ኩላሊትና ጉበት የሚጎዱት፣ ደሙም መርጋት የሚያቅተው፣ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከቀረ፣ ዓይነ ምድሩ ደም ከያዘ፣ ድዱ ወይም ሆዱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከወጣ ሳታድሩ መልሳችሁ ውሰዱት።